ሁለተኛው ሳህን

ሟቿ የተገኘችው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዱቄት ከምትመረምርበት ጠረጴዛ ሥር፣ ፀጉሯና ፊቷ ዱቄት ለብሶ ነው። ያገኘቻት የገዛ ልጇ ነበረች። በአንድ እጇ የእናቷን ምሳ ይዛለች፣ በሌላው ጀርባው በፋሻ የተሸፈነ የአራት ወር ሕፃን አቅፋለች። አልጮኸችም። ምሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ሕፃኑን ጭኗ ላይ በሆዱ አስተኛች፤ ከዚያ የእናቷን እጅ ያዘችና ሰው እስኪመጣ ድረስ ተቀመጠች።

ሰፈሩ ሟቿን የሚያውቃት «እትዬ ወንፊት» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው፤ ምንም ነገር ሳታጣራ አታሳልፍም ለማለት። በወጣትነቷ ዳቦ ቤት ሠርታለች፤ አስሙንም ያተረፈችው ከዚያው ነው። በኋላ የእናቶች ማኅበር አቋቋመች። የሷ ማኅበርና ሌሎች አሥራ አንድ ትንንሽ ማኅበራት ተጣምረው ለሕፃናት ምግብ የሚሟገት አንድ ጥምረት ሲመሠርቱ፣ ገበያ ላይ ያለው ዱቄት እውነት ብረትና ፎሊክ አሲድ የተጨመረበት መሆኑን የማረጋገጡ ሥራ ለሷ ተሰጣት። ጥምረቱ በመሰከረለት ከረጢት ላይ ሁሉ ወንፊት የያዘች ሴት ሥዕል በማኅተምነት ይታተማል። ሥዕሉ የሷው ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ባለሱቁን «ሴትዮዋ ያለችበትን ስጠኝ» ብላ ትገዛለች።

መርማሪው ሲደርስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«አስም ነው» አለ። «ዱቄት ገባባት፣ ደረቷ ተዘጋ፣ በቃ። አንተን ለምን እንደጠሩህ አልገባኝም።»

«አስም ያለባት ሴት ለምን መስኮት ዘግታ ዱቄት ትመረምራለች?»

ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«እንግዲህ እሱን አንተው ፈልገው።»

መርማሪው ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር የቀረው ከሲታ ሰው ነው። ባልደረቦቹ ከኋላው «ጋሼ ለምን» ይሉታል። ያውቃል፤ ለምን እንደዚያ እንደሚሉት ግን ጠይቆ አያውቅም።

በክፍሉ ውስጥ ቀስ ብሎ ዞረ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ ሳህን ተቀምጧል፤ በሳህኑ ላይ በማንኪያ ጀርባ የተጠፈጠፈ እርጥብ ዱቄት፣ በዱቄቱ ላይ ደግሞ በእኩል የተበተነ ቀይ ነጠብጣብ። ጎኑ ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች። ወለሉ ላይ የተገለበጠ የናሙና ከረጢት። ማጠቢያው አጠገብ ባለው ማንጠፍጠፊያ ላይ ሁለት ሳህኖች ተደፍተዋል፤ ከሥራቸው ውሃ አቁሯል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ዕቃውን የሚያጥበው ራሱ ስለሆነ፣ ገና አሁን የታጠበን ሳህን ከቆየው ለመለየት ማንም አያስተምረውም። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሳህን ተጠጋ። ከቀዮቹ ነጠብጣቦች መካከል አንዱ ጥቁር ነው። እግር አለው።

«ነቀዝ» አለ ለራሱ።

ከዚያ ሟቿ አጠገብ ተንበረከከ። በማጅራቷ ላይ እንደ ክር የቀጠነ የቀላ መስመር ነበር።

ልጅቷን በረንዳው ላይ አገኛት። ሕፃኑን በሆዱ ትከሻዋ ላይ አድርጋዋለች።

«ልጄ፣ አይዞሽ አልልሽም፤ አይዞሽ የሚያሰኝ ነገር የለም» አላት። «እናትሽ የአስሟን መድኃኒት የት ነበር የምታደርገው?»

«አንገቷ ላይ። ያቺን የምትሳበውን በክር አስራ ነው የምታንጠለጥላት። ስትተኛም አታወልቃትም።»

«ቦርሳዋ ውስጥ ነው ያገኘነው፤ ዚፑ ተዘግቶ፣ በሩ ላይ ተሰቅሎ። ክር የለውም።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው።

«የምርመራውን ነገር አስረጂኝ። እኔ ዱቄት የማውቀው ዳቦ ሲሆን ነው።»

«ዱቄቱን ሳህን ላይ ትጠፈጥፊ... ይቅርታ፣ ሴቶችን ማስረዳት ለምዶብኝ ነው፤ ይጠፈጥፉታል፤ ሁለቱን ፈሳሾች ቀላቅለው ጠብ ያደርጉበታል። ብረት ካለበት ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። ብረቱ ካለ ፎሊክ አሲዱም አለ፤ አብረው ነው የሚገቡት። እማዬ ደግሞ ሁለት ሳህን ነው የምትሠራው። በአንዱ ከቤት የምታመጣውን፣ ምንም ያልገባበትን ዱቄት ታደርጋለች። ‹ምስክር› ትለዋለች። ዓይኔ ደክሟል፣ አጠገቡ ካላየሁት ራሴን አላምነውም ትላለች። የኛ ማኅበር ሴቶች ሁላችንም ከሷ ተምረን እንደሱ ነው የምንሠራው።»

«ነገ እዚህ ትልቅ ስብሰባ አለ አሉ።»

«ከስድስት ከተሞች ማኅበራት መጥተው ማኅተሙን ሊቀበሉ ነው። እማዬ ልትናገር ነበር።» ልጅቷ የሕፃኑን ፋሻ በጣቷ ነካች። «እሱ ጀርባው ሳይገጥም ነው የተወለደው። እርጉዝ ሴት ፎሊክ አሲድ ሲያንሳት እንዲህ ያለ ልጅ ሊወለድ ይችላል። ሐኪሞቹ በአንድ ልጅ ይሄ ነው ምክንያቱ ብሎ መማል አይቻልም አሉን። እማዬ ግን ቤት ለቤት ዞራ ቆጠረች። በዓመት አንድ ይወለድበት የነበረ ሰፈር፣ ዘንድሮ አምስት። ዛሬ የመጨረሻውን ምርመራ ሠርቼ ነገ እናገራለሁ ብላኝ ነበር።»

ዘበኛው በምሳ ሰዓት በጥምረቱ ግቢ ውስጥ ከሟቿ ሌላ ሦስት ሰዎች እንደነበሩ ነገረው። ማኅተሙ ያለበትን ዱቄት የሚፈጨው ወፍጮ ባለቤት ስድስት ሰዓት ላይ ገብቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ እየተሳደበ ወጣ፤ ሲወጣ እሷ በተከፈተው መስኮት ብቅ ብላ መልስ ስትሰጠው ዘበኛው በጆሮው ሰምቷል። የወፍጮው ቀላቃይ፣ ብረቱንና ፎሊክ አሲዱን ዱቄቱ ላይ የሚቀላቅለው ሠራተኛ፣ ናሙና ይዞ ቀድሞ መጥቶ ነበር፤ ጌታው እንዳያየው ከሕንፃው ጀርባ ተደብቆ ቆየ። የጥምረቱ አስተባባሪ ደግሞ ቢሮዋ ውስጥ ለነገው እየተዘጋጀች ነበር።

መርማሪው ሁለቱንም የወፍጮ ሰዎች አስጠራቸው። ባለወፍጮው ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ነው፤ ቀዩን ሳህን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ ደም ነው?»

«ምርመራው ነው። ከእርስዎ ዱቄት ላይ የተሠራ ይመስላል።»

«እና ቀይ ሲሆን ጥሩ ነው መጥፎ?»

መርማሪው ዞሮ አየው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ማኅተም ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው።

«ጥሩ ነው።»

«እንዴታ! እኔ ምን አልኩ?» ባለወፍጮው ደረቱን ነፋ። «የኔ ዱቄት ሦስት ቀን ሱቅ አያድርም። ሽሚያ ነው! ሴትዮዋ ግን ዛሬ ሌባ ብላ ሰደበችኝ። ለዚህ ነው የጮህኩት። ነፍሷን ይማር፤ አፏ ግን እሳት ነበር።»

ቀላቃዩ ቀጭን ሰው ነው፤ ቅንድቡ ሁሉ ዱቄት። ከባለወፍጮው ተነጥሎ ብቻውን እስኪቀር ድረስ መልስ አልሰጠም።

«ናሙናውን ስታመጣ ዱቄቱ የመቼ ነበር?»

«የዛሬ ጠዋት። ከወፍጮው ሲወርድ ትኩስ ነው፤ ላስቲኩ ውስጥ ላብ እስኪያወጣ።»

«ነቀዝ ሊኖርበት ይችላል?»

«ነቀዝ?» ቀላቃዩ ከመደንገጡ የተነሳ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «ጋሼ፣ ነቀዝ ቤቱን የሚሠራው ዱቄት ሲቆይ ነው።»

«ለምን በየሳምንቱ ተደብቀህ ታመጣላታለህ?»

«ማበልጸጊያውን በልክ የሚያንጠባጥበው ማሽን ከተሰበረ አሥራ አራት ወሩ። ምንም ሳንጨምር ከረጢቱን ብቻ ነው የምንሰፋው። ጌታዬ እየሰፋህ ዝም በል አለኝ፤ ዝም አልኩ። በኋላ የእትዬ የልጅ ልጅ ሲወለድ...» እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ። «አላስቻለኝም። ሄጄ ነገርኳት። እሷም ዱቄቱን ራሴ ካላየሁ ሰው አላማም አለችኝ። ሁለቱን ሳህን ጎን ለጎን አድርጋ ስትሠራ አጠገቧ እቆማለሁ። ሁሌም ሁለቱም ነጭ። አሁን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ እኔን ልታስሩኝ ነው አይደል?»

«እስቲ መጀመሪያ አይጡን እንፈልገው።»

የአስተባባሪዋ ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗ አብጧል። በዚህ ሥራ ጥርሷን የነቀለች ሴት ናት፤ አሥራ ሁለቱን ማኅበራት ከየጓዳቸው አውጥታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠቻቸው እሷ መሆኗን ጠላቶቿም አይክዱም። ግድግዳው ላይ የሥልጠና ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ በአብዛኞቹ ላይ እትዬ ወንፊት አጠገቧ ቆማ ትስቃለች። ጥግ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ማኅተሙ ያለበት አንድ የዱቄት ከረጢት ቆሟል። ትንሽ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል።

«የመጀመሪያዋ ከረጢት ናት» አለች ሲያያት። «የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሥራው በተጀመረበት ቀን፣ በሁላችን ፊት ተፈጭታ፣ ተበልጽጋ፣ ታሽጋ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እሷን ነው የማሳየው።»

«ሟቿን ዛሬ አግኝተዋታል?»

«ጠዋት ሰላም ብያታለሁ። ከዚያ የነገውን ጥሪ ሳዘጋጅ ነበርኩ። እናቴ ማለት ናት ጋሼ። ከኔ እኩል የደከመች እሷ ናት። ደግሞ የመጨረሻ ምርመራዋ ቀይ መውጣቱ...» እንባዋን ጠረገች። «ደስ ብሏት ነው የሞተችው ብዬ ልጽናና።»

«ይህ ምርመራ ከባድ ነው?»

አስተባባሪዋ ከመደርደሪያው ስስ መጽሐፍ አውጥታ ሰጠችው። ሽፋኑ ላይ የጻፈችው እሷ መሆኗ ተመልክቷል። «ማንኛዋም እናት እንድትሠራው አድርጌ ነው የጻፍኩት። አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ ጥቂት ጠብታ።»

«አንድ ሳህን» አለ መርማሪው ገጹን እየገለጠ።

«አንድ ሳህን። ቀላል ነው።»

መጽሐፉን ኪሱ ከተተው። ያገኘውን ነገር አልወደደውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ለነገው ስብሰባ በተዘጋጀው አዳራሽ ሰበሰባቸው። ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ ከፊት «ጠንካራ ማኅበራት ለጤናማ ልጆች» የሚል ጨርቅ ተወጥሯል። ባለወፍጮው ከፊት ተቀመጠ፤ ቀላቃዩ ከኋላ። ልጅቷ ከነሕፃኗ ጠርዝ ላይ፤ አስተባባሪዋ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ አጠገቧ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ከሳህኖቹ ልጀምር» አለ መርማሪው። «እዚያ ክፍል ሦስት ሳህኖች አሉ። አንዱ ጠረጴዛው ላይ፣ ቀይ። ሁለቱ ገና መታጠባቸው ነው። ሟቿ ዘወትር በሁለት ሳህን ነበር የምትሠራው፤ አንዱ ከወፍጮው፣ ሁለተኛው ምንም ያልገባበት ምስክር። የወፍጮው ዱቄት ደህና ቢሆን ኖሮ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ ይወጣ ነበር። ታዲያ ሁለቱም ለምን ታጠቡ? ሁለቱም ነጭ ስለነበሩ ነው። የታጠበው የወፍጮው ጉድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቀይ ሳህን ከሞተች በኋላ የተሠራ ነው።»

ባለወፍጮው ብድግ አለ። «ማነው እሱ...»

«ይቀመጡ። እርስዎ አይደሉም። ቀይ ጥሩ ይሁን መጥፎ የማያውቅ ሰው ቀይ አይሠራም። ደግሞ እርስዎ ሲወጡ ሟቿ በመስኮት ትመልስልዎ ነበር። አሁን ወደ ቀላቃዩ። እሱ ሁለተኛውን ሳህን ያውቀዋል፤ በየሳምንቱ አይቶታል። እሱ ቢሆን ኖሮ ምስክሩን በነጭነቱ ትቶ ቀዩን ከጎኑ ያስቀምጥ ነበር፤ እኔም አምኜ እሄድ ነበር። ይህን ያደረገው ሰው ግን ሁለት ነጭ ሳህን ሲያይ ሁለቱም ከወፍጮው የመጡ መሰሉት። ጠርሙሶቹን ያውቃል፤ ጠብታውን ያውቃል፤ ሴቶቹ በሁለት ሳህን እንደሚሠሩ ግን አያውቅም። እንደ መጽሐፉ ነው የሠራው።»

ስሱን መጽሐፍ ከኪሱ አውጥቶ ወንበር ላይ አስቀመጠው።

«አንድ ሳህን።»

የአስተባባሪዋ እጅ ከልጅቷ ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«መጽሐፉን ያነበበ ሺህ ሰው ነው» አለች።

«ልክ ነው። ሺው ሰው ግን ቀይ የሚያወጣ ዱቄት ከየት ያመጣል? ማሽኑ ከተሰበረ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። በዚህ ግቢ ብረት ያለበት አንድ ዱቄት ብቻ ነው ያለው፤ በመስታወት ውስጥ። ሁለት ዓመት የቆየ ነው። በቀዩ ሳህን ላይ ነቀዝ አለ፤ የወፍጮው ናሙና ግን ዛሬ ጠዋት የተፈጨ ትኩስ ነው።» ወደ በሩ ምልክት ሰጠ። አንደኛው ፖሊስ ከረጢቱን አምጥቶ መሬት ላይ አጋደመው። በጀርባው በኩል ከታች በፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩ ሲነሳ ዱቄቱ ፈሰሰ፤ ዱቄቱ ውስጥ ጥቋቁር ነቀዞች ተርመሰመሱ።

«የምትኮሪበትን ዱቄት ነው የወሰድሽው» አለ መርማሪው። «እርስዎ» ማለቱን መተዉን ራሱም ልብ አላለም።

«እሺ፣ ሳህኑን ቀየርኩ!» አለች አስተባባሪዋ። «ሞታ ነው ያገኘኋት። ስሟ እንዳይጠፋ፣ ሥራው እንዳይፈርስ ብዬ ነው። አስም የገደላትን እኔ ምን ላድርግ?»

«መስኮቱን ማን ዘጋው? ከማጅራቷ ላይ ክሩን ማን በጠሰው? መድኃኒቷን ቦርሳዋ ውስጥ ማን ከተተው?»

ባለወፍጮውን ጭንቀት ከወንበሩ አስነሳው።

«ነግሬያታለሁ እኮ! ማሽኑ የተሰበረ ሳምንት ነግሬያታለሁ! ‹ዕቃው እስኪመጣ ዝም ብለህ ስፋ፣ ማኅተሙ ከቆመ ጥምረቱ ይቆማል› ያለችኝ እሷ ናት!»

«አንተ ደግሞ ዓይንህን በጨው አጥበህ አሥራ አራት ወር ሰፋህ» አለው መርማሪው። «የአንተም ተራ ይደርሳል።»

አስተባባሪዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስትናገር ሥልጠና ላይ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብላ ነበር።

«እናንተ አታውቁም። እናቶች ዱቄት ውስጥ መድኃኒት ጨመሩብን ብለው ሲሸሹ፣ አንድ በአንድ ለምኜ ያሳመንኩ እኔ ነኝ። አንዴ አምነው ከካዱ ሁለተኛ አያምኑም። ነገ ስድስት ከተማ ሊገባ ነበር። የስንት ሺህ ልጅ ጀርባ ነው? ማሽኑ በሁለት ወር ይጠገናል፤ ሁለት ወር ብቻ ዝም በዪ አልኳት። ድምፃችን እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጋሁት። ናሙናውን ስንጓተት ተደፋ፣ ዱቄቱ ቦነነ፣ ጀመራት። መድኃኒቷን ስታነሳ ቀማኋት።» ወደ ባዶ መዳፏ አየች። «ልሰጣት ነበር። ‹ነገ አልናገርም በዪኝና እሰጥሻለሁ› አልኳት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የጠየቅኋት። አልተናገረችም።»

«በምን ትንፋሿ?» አለ መርማሪው።

አስተባባሪዋ እንግዳ ቋንቋ እንደሰማች ሁሉ አየችው። ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ ሲፈርስ ሁሉም አዩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ ያቺ ሴት ዝም ያለችው በእልኸኝነት ይመስላት ነበር።

ልጅቷ ተነሳች። ድምፅዋን አላነሳችም።

«አንቺ ሁለት ወር ትያለሽ። እኔ ያንን ዱቄት እርጉዝ ሆኜ ዘጠኝ ወር በልቼዋለሁ። ብይ ያለችኝ እማዬ ናት። እሷን ‹የወፍጮውን ራሴ መርምሬዋለሁ› ብለሽ ብይ ያልሻት አንቺ ነሽ።»

ፖሊሶቹ አስተባባሪዋን ይዘው ወጡ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ይህችኛዋ የጣለችው ግን የብብቷን ብቻ አይደለም። ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ፣ በአንድ እጇ ሕፃኑን እንደያዘች፣ የተወጠረውን ጨርቅ ልትፈታ ሞከረች። ቀላቃዩ ሮጦ አገዛት።

«ስብሰባውን ትሰርዢዋለሽ?» አላት መርማሪው።

«አልሰርዘውም። ሁለት ሳህን ይዤ እቆማለሁ። ልዩነቱን ራሳቸው ይፈልጉት።»

መርማሪው ፀሐይ ሳትጠልቅ በእግሩ ወደ ቤቱ አመራ። መንገድ ላይ ለራቱ ዳቦ ሊገዛ አንዲት ሱቅ ገባ። ከፊቱ ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት ቆማለች።

«ሴትዮዋ ያለችበትን ስጠኝ» አለች ባለሱቁን።

ባለሱቁ ከረጢቱን አወረደ። ወንፊቷን የያዘችው ሴት ከከረጢቱ ላይ ሆና ትስቃለች።

«ተይው ልጄ» አላት መርማሪው።

«ምነው አባቴ?»

«ሴትዮዋ ራሷ ናት ተይው ያለችሽ። ነገ ትሰሚዋለሽ። ምንም የለበትም፤ ባዶ ዱቄት ነው።»

ወጣቷ ግራ ገብቷት ከረጢቱን አየች፤ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ማኅተም አልባ ከረጢት አመለከተች።

«ያኛውስ ይሻላል?»

«ያኛውም ያው ነው።»

«ታዲያ ምን ልብላ?»

ቀኑን ሙሉ ለምን ሲል የዋለው ሰው ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ባለሱቁም ጠበቀው፤ ወጣቷም ጠበቀችው። ሐኪም ቤት ሄደሽ የፎሊክ አሲዱን ኪኒን ጠይቂ ሊላት አሰበና፣ ሐኪም ቤቱ ስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ፣ ኪኒኑም ይኑር አይኑር እንደማያውቅ ትዝ አለው። ወጣቷ ትንሽ ከጠበቀች በኋላ ሴትዮዋ ያለችበትን ከረጢት አንስታ ከሱቁ ወጣች።